ብርሃን ሲያንስ፦ የቀለም ፊልም ፑሽ ይደረግ ወይስ ሌላ መንገድ ይሻላል?

ማታ ወይም ቤት ውስጥ በቀለም ፊልም ፎቶ ለማንሳት ስታስቡ ቶሎ የምትሰሙት ምክር «ፑሽ አድርጉት» የሚል ነው። መጥፎ ምክር አይደለም። ግን ፑሽ ካሉት አማራጮች አንዱ ብቻ ነው። አንዳንዴ ምርጡ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍላችሁ የባሰ ፎቶ ይዛችሁ የምትመለሱበት ነው። ምርጫዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ የቱ መቼ እንደሚያዋጣ የማምንበትን በግልጽ ልንገራችሁ።

ለጀማሪዎች ባጭሩ፦ ፑሽ (በአማርኛ መግፋት) ሁለት እርምጃ አለው። መጀመሪያ ፊልሙ ላይ ከተጻፈው ፍጥነት (ፊልሙ ለብርሃን ያለው ንቃት) በላይ ታነሳላችሁ። 400 የሚለውን ፊልም ካሜራው ላይ 800 ብላችሁ ታስተካክላላችሁ፣ ፊልሙም ማግኘት ካለበት ብርሃን ግማሹን ብቻ ያገኛል። ከዚያ ሲታጠብ ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ውስጥ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ብርሃን በግማሽ በቀነሰ ወይም በእጥፍ በጨመረ ቁጥር አንድ ስቶፕ ይባላል፦ 400ን በ800 ማንሳት አንድ ስቶፕ ነው፣ በ1600 ሁለት፣ በ3200 ሦስት። ሁለተኛው እርምጃ ከሌለ ፑሽ አላደረጋችሁም፤ ብርሃን ቀንሳችሁ አነሳችሁ፣ በቃ። (እሱም ራሱን የቻለ ምርጫ ነው፣ እመጣበታለሁ።)

ፑሽ የማይሠራው ሥራ

ከሁሉም በፊት ይሄ ይታወቅ፦ ፑሽ ጥላ ውስጥ የጠፋውን አይመልስም። ፊልሙ ውስጥ ያሉት የብር ቅንጣቶች በቂ ብርሃን ካልነካቸው ዴቨሎፐሩ የሚሠራበት ነገር የለውም። ዘር ያልወደቀበት መሬት ላይ ማዳበሪያ ብትጨምሩ ምንም አይበቅልም፣ ይሄም እንደዚያው ነው። ከተጨማሪው ጊዜ የሚጠቀሙት ብርሃን ያገኙት ክፍሎች ናቸው፤ ፊት፣ ግድግዳ፣ የመብራቱ ዙሪያ። እነሱ ከፍ ይላሉ፣ ጥላው ግን የነበረበት ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ ነው እንግዲህ ኮንትራስት ጨመረ የምንለው። ሰዎች «የፑሽ መልክ» እያሉ የሚወዱት ጠንከር ያለ ጥቁርና ደመቅ ያለ ፊት ከዚህ የመጣ ነው።

ሌላው የቀለሙ ጉዳይ ነው። የቀለም ፊልም ለሰማያዊ፣ ለአረንጓዴና ለቀይ ብርሃን የተለያዩ ንብርብሮች አሉት። የአስተጣጠቡ ጊዜ የተወሰነው ሦስቱም እኩል እንዲደርሱ ታስቦ ነው። ጊዜውን ስታረዝሙ ሚዛኑ ይናጋል፣ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ይሄዳል። ጥላው ወደ አንድ ቀለም ሲያዘነብል ደማቁ ቦታ ወደ ሌላ ያዘነብላል፤ ኮምፒውተር ላይ ጥላውን ስታስተካክሉ ፊቱ ይበላሻል፣ ፊቱን ስታስተካክሉ ደግሞ ጥላው። በአንድ ስቶፕ ይሄ ብዙም አይታይም። በሁለት ይታያል፣ አንዳንዴ ያምራል። ሦስት ላይ ግን በአብዛኞቹ የቀለም ኔጋቲቮች (ምስሉ ተገልብጦ የሚወጣባቸው የተለመዱ ፊልሞች) ችግሩ ከጥቅሙ ይበልጣል ባይ ነኝ። ግሬኑም (ፎቶው ላይ የሚታየው ቅንጣት) ይጨምራል፣ የፊልሙም መደብ ትንሽ ይጠቁራል።

መጀመሪያ ጨለማውን እዩት

ፊልም ከመምረጣችሁ በፊት ያላችሁበትን ጨለማ እዩ። ሁሉም ጨለማ አንድ አይደለም፣ ምርጫውንም ከፊልሙ በላይ የሚወስነው ይሄ ይመስለኛል።

አንደኛው ዓይነት ለስላሳ ጨለማ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ሰዓት፣ ጭጋግ፣ መስኮት ያለው ክፍል በደመናማ ቀን፣ ጥላ ያጠላበት ጎዳና። ብርሃኑ ትንሽ ነው፣ ግን ሁሉም ቦታ ላይ እኩል ተዘርግቷል። እዚህ ፑሽ በጣም ያምራል። ትዕይንቱ ኮንትራስት ይጎድለዋል፣ ፑሽ ደግሞ የሚሰጠው ኮንትራስት ነው። አንድ ወይም ሁለት ስቶፕ ሳትፈሩ ሂዱ።

ሁለተኛው ሸካራ ጨለማ ነው። መድረክ ላይ አንድ ብርቱ መብራት፣ ዙሪያው ድቅድቅ ጨለማ። ወይም ማታ አንድ የመንገድ መብራት ሥር የቆመ ሰው። ኮንትራስቱ ከመጀመሪያውም ከልክ ያለፈ ነው። ፑሽ ስታደርጉ ፊቱ ይነጣል፣ ጥላው እንደሆነ ቀድሞም ጥቁር ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ብዙ ጊዜ ፑሽ ጭራሽ አያስፈልግም። መድረክ ላይ መብራት የሚያርፍበት ፊት ሰው እንደሚያስበው ጨለማ አይደለም። ከጠቅላላው ትዕይንት ሳይሆን ከፊቱ ላይ ብቻ ብትለኩ 800 ፊልም እንዳለ፣ ያለ ምንም ፑሽ፣ ሊበቃችሁ ይችላል።

በቁጥር ለማየት ያህል፣ በተራ መብራት የበራ የመኖሪያ ክፍል ማታ ላይ በ400 ፊልምና በኤፍ 2 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ከ1/30 እስከ 1/60 ሰከንድ ይጠይቃል። ሻማ አጠገብ ያለ ፊት ደግሞ በ1600፣ በኤፍ 2፣ ወደ 1/60 ይጠጋል። እነዚህ መነሻ ናቸው እንጂ ሕግ አይደሉም፣ ሁሌም ለኩ። ግን አንድ ነገር ያሳያሉ፦ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ሌንስ ካላችሁ ከምትገምቱት ያነሰ ፑሽ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ፑሽ ወይስ ብርሃን ቀንሶ ማንሳት ብቻ?

ብዙ ሰው የማያነጻጽረው ይሄን ነው። ዘመናዊ የቀለም ኔጋቲቭ ትዕግሥተኛ ነው፣ ስህተት ይችላል። ኮዳክ ፖርትራ 400ን በ800 አንስታችሁ እንደተለመደው ብታሳጥቡት እንኳ ጥሩ ስካን ይወጣዋል። ጥላው ትንሽ ይደበዝዛል፣ ግሬኑ ትንሽ ይጎላል፣ ግን ቀለሙ ሚዛኑን ይጠብቃል፤ ምክንያቱም ንብርብሮቹ በታሰበላቸው ጊዜ ነው የታጠቡት።

ስለዚህ ልዩነታችሁ አንድ ስቶፕ ከሆነና ፎቶውን ስካን የምታደርጉት ከሆነ ምርጫው የመልክ ነው። ለስለስ ያለ ነገር ከፈለጋችሁ ፑሽ አታድርጉ። ጠንከር ያለ ጥቁር ከፈለጋችሁ አድርጉ። ቀኑን ሙሉ በተለያየ ብርሃን ያነሳችሁበት ጥቅል ከሆነ ደግሞ ባታደርጉ ይሻላል፤ ፑሽ ጥቅሉን በሙሉ ይነካል፣ ጠዋት በፀሐይ ያነሳችሁትንም ጭምር። ለማታዎቹ አምስት ፎቶዎች ብላችሁ የቀኖቹን ሠላሳ ማክረር አያዋጣም።

ሁለት ስቶፕ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ሁለት ስቶፕ ብርሃን ያጣ ኔጋቲቭ ሳይገፋ ሲታጠብ ስስ ሆኖ ይወጣል፣ ስካነሩም ከዚያ ስስ ነገር ምስል ለማውጣት ሲታገል ጥላው ውስጥ ቆሻሻ ቀለምና ነጠብጣብ ያመጣል። እዚህ ፑሽ አድርጉ። መሃል ያሉት ቀለማት ከፍ ብለው ስካነሩ የሚይዘው ነገር ያገኛል።

በጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀት ላይ የምታትሙ ከሆነ ደግሞ ፑሽ ከአንድ ስቶፕ ጀምሮ ዋጋ አለው። የቀለም ወረቀት ኮንትራስቱ የተወሰነ ነው፣ እንደ ኮምፒውተር አይታዘዝም። ስስ ኔጋቲቭ ወረቀት ላይ ግራጫና የደከመ ፎቶ ነው የሚሰጣችሁ። ስካነሮች በራሳቸው ብሩህነቱን ስለሚያስተካክሉ ይሄን ልዩነት ይሸፍኑታል፤ «ፑሽ ያደረግሁትና ያላደረግሁት አንድ ሆነብኝ» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ እያዩ ያሉት የስካነሩን ሥራ ነው። ልዩነቱን በትክክል ለማየት ሁለቱን ኔጋቲቮች ብርሃን ላይ አንሥታችሁ በዓይናችሁ አወዳድሩ።

400ን መግፋት ወይስ 800 መግዛት?

በ800 ለማንሳት አስቀድማችሁ ካወቃችሁ 800 ግዙ። ለእኔ ይሄ አያከራክርም። ፖርትራ 800 በራሱ ፍጥነት ሲነሳ 400 ተገፍቶ የማይሰጠውን የጥላ ዝርዝር ይሰጣል፤ ጥላው ውስጥ ብርሃን የሚይዘው የፊልሙ የራሱ ፍጥነት ነው እንጂ አጠባው አይደለም። 1600 ላይ ክፍተቱ ይበልጥ ይሰፋል፦ 800ን አንድ ስቶፕ መግፋት 400ን ሁለት ስቶፕ ከመግፋት በግልጽ ይሻላል። ኮዳክም ለፖርትራ 800 በአንድ ስቶፕ ፑሽ 1600፣ በሁለት ደግሞ 3200 ድረስ መሄድ እንደሚቻል መመሪያው ላይ አስቀምጧል። 3200 ላይ ግሬኑ ትልቅ ነው፣ ጥቁሩ ከባድ ነው፣ ግን ፊት ፊት ይመስላል።

400 የሚያሸንፈው በሌላ ነገር ነው። አንድ ዓይነት ፊልም ብቻ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ፣ ቀን ላይ ውጭ ማታ ላይ ቤት ውስጥ የምታነሱ ከሆነ፣ ወይም 800 ፊልም ውድ ሆኖባችሁ ከሆነ 400 ይዛችሁ አንዱን ጥቅል በሙሉ ለማታ መመደብ ትችላላችሁ። ግሬኑም ደቃቅ ስለሆነ ቀን ላይ የተሻለ ነው። እንግዲህ ፑሽ ሲደረግ ላብራቶሪው ተጨማሪ እንደሚያስከፍል አስሉ፤ የፊልሙን ዋጋና የፑሹን ክፍያ ስትደምሩ አንዳንዴ ከ800ው ጋር እኩል ይመጣል፣ ያኔ ርካሽ ነው ብላችሁ የመረጣችሁበት ምክንያት አይኖርም።

እንደ ኮዳክ አልትራማክስ 400 ያሉት የተራ ተጠቃሚ ፊልሞች አንድ ስቶፕ ይችላሉ። ከዚያ በላይ ቀለማቸው ቶሎ ይጋጫል። ጎልድ 200ን ለማታ መግፋት ደግሞ አልመክርም፤ ሁለት ስቶፕ ገፍታችሁት እንኳ የምትደርሱት 800 ላይ ነው።

የመብራቱ ቀለም

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፣ ብዙ የከሸፉ የማታ ፎቶዎች ምክንያታቸው ይሄ ነውና። አብዛኛው የቀለም ፊልም የተሠራው ለቀን ብርሃን ነው፣ ወደ 5500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ይሄዳል) ገደማ። የድሮው ዓይነት ቢጫ አምፖል ወደ 3000 አካባቢ ነው፣ ሻማ ከዚያም በታች። እንዲህ ያለ ብርሃን ቀይ ሞልቶት ሰማያዊ ይጎድለዋል። ስለዚህ የፊልማችሁ ሰማያዊ ንብርብር ሚተሩ (የብርሃን መለኪያው) ከሚነግራችሁ በጣም ያነሰ ብርሃን ነው የሚያገኘው። እናንተ «ሁለት ስቶፕ ነው የቀነስኩት» ስትሉ ሰማያዊው ንብርብር አራት ስቶፕ ሊጠጋ ይችላል። ያ ጭቃ የመሰለ ቢጫ ጥላ፣ በምንም ማስተካከያ የማይጠራው፣ ከዚህ ነው የሚመጣው። ፑሽ ስታደርጉበት ይብሳል።

በሰማያዊ ፊልተር ማረም ይቻላል፣ 80ኤ የሚባለው። ግን ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይበላል፣ ጨለማ ውስጥ ሆናችሁ ያንን መክፈል ደግሞ ትርጉም የለውም።

የተሻለው ለአምፖል ብርሃን የተሠራ ፊልም ነው። ሲኔስቲል 800ቲ የተሠራው ከኮዳክ ቪዥን3 500ቲ የሲኒማ ፊልም ነው፣ ጀርባው ላይ ያለው ጥቁር የካርቦን ሽፋን ተነሥቶለት፣ በተራው ሲ-41 (በተለመደው የቀለም ኔጋቲቭ አስተጣጠብ) እንዲታጠብ። ሚዛኑ 3200 ኬልቪን ላይ ስለሆነ በቢጫ አምፖል ሥር ሦስቱም ንብርብሮች ተመጣጣኝ ብርሃን ያገኛሉ። ስለዚህ ስትገፉት የሚገፋ ነገር አለ። 1600 ላይ ደህና ነው፣ 3200ም ያስኬዳል። የጥቁሩ ሽፋን መነሣት ግን የራሱ ውጤት አለው፦ በብርቱ መብራቶች ዙሪያ ቀይ ክብ ይወጣል፣ ብርሃኑ ፊልሙን አልፎ ከኋላ ተመልሶ ስለሚነካው። አንዳንዱ ሰው ለዚያ ብሎ ነው የሚገዛው። እናንተ ካልወደዳችሁት መብራቱን ራሱን ከፎቶው ውጭ አድርጉ።

ሽፋኑ ሳይነሳለት ያለው 500ቲም ሊገኝ ይችላል፣ በጥቅል ተቆርጦ የሚሸጥ። ተራ ላብራቶሪ እንዳትሰጡት። ሽፋኑ ማሽኑ ውስጥ ተልጦ የሌሎችን ሰዎች ፊልም ያበላሻል። የሚታጠበው ኢሲኤን-2 በሚባለው የሲኒማ ዘዴ ነው፤ እሱን የሚሠራ ላብራቶሪ ካገኛችሁ ኮንትራስቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለሸካራ ጨለማ በጣም ይስማማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ብዙ ጎዳናዎች ከድሮው ብርቱካናማ የሶዲየም መብራት ወደ ነጭ ኤልኢዲ ተቀይረዋል። ነጭ ኤልኢዲ ሥር 800ቲ ሰማያዊ ይሆንባችኋል፣ ፖርትራ 800 ደግሞ ጥሩ ይሠራል። «ለማታ 800ቲ» የሚለው የቆየ ምክር ሁሌም ልክ አይደለም፤ የምታነሱበትን ቦታ መብራት አይታችሁ ወስኑ። ብርቱካናማው ሶዲየም ግን በየትኛውም ፊልም አይስተካከልም፣ የጎደሉት ቀለማት ብርሃኑ ውስጥ ራሱ የሉም። እዚያ የቀለም ፊልሙን ትቶ በጥቁርና ነጭ ማንሳት ይሻላል።

ስላይድ

ስላይድ ፊልም (ምስሉ እንደ ኔጋቲቭ ሳይገለበጥ ፊልሙ ላይ እንዳለ የሚታይበት) ሌላ ዓለም ነው። «ሳልገፋው ይውጣ» የሚል ምርጫ የለም፤ ብርሃን ያነሰው ስላይድ ጨለማ ሆኖ ይቀራል፣ ስህተት አይችልም። ስለዚህ ፍጥነቱን ከቀየራችሁ የግድ ፑሽ ይደረግ። የሚረዝመው የኢ-6 (የስላይድ አስተጣጠብ) የመጀመሪያው ዴቨሎፐር ብቻ ነው፤ የተለመደው 6 ደቂቃ ነው፣ ለአንድ ስቶፕ ወደ 8 ይሄዳል። ፉጂ ፕሮቪያ 100ኤፍ ሁለት ስቶፕ ድረስ በክብር ይገፋል፣ ጥቁሩ ትንሽ ቢሳሳም። ግን ሁለት ስቶፕ ገፍታችሁ የደረሳችሁት 400 ላይ ነው። ለሚንቀሳቀስ ሰው በጨለማ ስላይድ አልመርጥም።

ትራይፖድ ካላችሁ ግን ፕሮቪያ 100ኤፍን ሳትገፉ ተጠቀሙበት። አብዛኛው ፊልም ሹተሩ ብዙ ሰከንድ ሲከፈት ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ጊዜ መጨመር ይጠይቃል። ይሄኛው ግን እስከ 128 ሰከንድ ድረስ ማስተካከያ አያስፈልገውም። ለሕንፃና ለከተማ ማታ ከዚህ የተሻለ የቀለም ፊልም አላውቅም።

ከፑሽ በፊት የሚታዩ ነገሮች

የማይንቀሳቀስ ነገር እያነሳችሁ ከሆነ ትራይፖድ ከማንኛውም ፑሽ ይበልጣል። የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሌንስ። ከኤፍ 2.8 ወደ ኤፍ 1.4 መሄድ ሙሉ ሁለት ስቶፕ ነው፣ ያውም ጥላው ውስጥ የሚገባ እውነተኛ ብርሃን። ዋጋው የትኩረቱ ጥልቀት መሳሳት ነው፤ አንድ ዓይን ጥርት ብሎ ሌላው ይደበዝዛል። ለአንድ ሰው ፎቶ ይሆናል፣ ለአምስት ሰው አይሆንም። የሰው ስብስብ ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጣሪያ ላይ የሚያርፍ ፍላሽ ሥራውን ይጨርሳል።

ላብራቶሪ ወይስ ቤት?

ሁሉም ላብራቶሪ ፑሽ አያደርግም። ትንንሾቹ ማሽኖች ፊልሙን በተወሰነ ፍጥነት የሚጎትቱ ስለሆኑ ጊዜውን ለአንድ ጥቅል መቀየር አይመቻቸውም። ፊልሙን ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ካነሳችሁ በኋላ አይደለም። «ፑሽ እናደርጋለን» ካሏችሁም ስካን ላይ ማብራት ማለታቸው ሳይሆን አጠባውን ማርዘም ማለታቸው እንደሆነ አረጋግጡ።

ቤት ውስጥ ማጠብ ይቻላል፣ ግን ፑሽን የመጀመሪያ ልምምዳችሁ አታድርጉት። ሲ-41 የሚታጠበው በ37.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን የዴቨሎፐሩ ጊዜ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ነው። ጊዜው አጭር ስለሆነ የሙቀት መዛባት ቀለም ላይ ቶሎ ይታያል። ለአንድ ስቶፕ ምን ያህል እንደሚጨመር ኪቶች ይለያያሉ፤ አንዳንዱ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ይላል፣ አንዳንዱ ጊዜውን በ1.3 አባዙ ይላል። የገዛችሁትን ኪት መመሪያ ተከተሉ፣ የሌላውን አትቀላቅሉ። ለፑሽ አዲስ ኬሚካል ተጠቀሙ፤ ብዙ ጥቅል ያጠበ ዴቨሎፐር ደክሟል፣ የጨመራችሁትንም ጊዜ ይበላባችኋል። ብሊችና ፊክሰሩ (ከዴቨሎፐሩ በኋላ የሚመጡት ኬሚካሎች) ጊዜያቸው አይቀየርም።

ስትለኩም ሚተሩን በጭፍን አትመኑ። ፎቶው ውስጥ አምፖል ካለ ሚተሩ በአምፖሉ ተታሎ ብርሃን ይቀንሳል፣ እናንተ ደግሞ ቀድማችሁ ሁለት ስቶፕ ቀንሳችኋል። ያኔ ፊቱ ራሱ ጥላ ውስጥ ይወድቃል። ጠጋ ብላችሁ ከፊት ላይ ለኩና ያንን ቁጥር ያዙ። ብርሃን ለመጨመርና ለመቀነስ ካመነታችሁ ጨምሩ፤ ኔጋቲቭ ብርሃን ሲበዛበት ይችላል፣ ሲያንስበት ግን አይምርም።

ጥቅሉ እንዳለቀ ካርትሪጁ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉበት፦ በስንት እንዳነሳችሁትና ስንት ስቶፕ እንደሚገፋ፣ ለምሳሌ «በ1600፣ +1»። ላብራቶሪው የሚያየው የታተመውን 800 ብቻ ነው። በአውሮፕላን የምትጓዙ ከሆነ ደግሞ ሊገፋ የታሰበን ፊልም ከፈጣን ፊልም እኩል ተጠንቀቁለት። ኤክስሬይ የሚያመጣው ጭጋግ ጥላው ላይ ነው የሚያርፈው፣ ፑሽ ደግሞ ያጎላዋል። አዲሶቹ የሲቲ መመርመሪያዎች ከድሮዎቹ ይብሳሉ፤ ፊልሙን በሚያሳይ ከረጢት ለብቻው ይዛችሁ በእጅ እንዲፈተሽ ጠይቁ፣ የምትፈተሹበት መሣሪያ የትኛው እንደሆነ ባታውቁም እንኳ።